ሬዚደንቱ ሲዝል

የአእምሮ ሐኪም ዋነኛ መመርመሪያው የራሱ ጆሮና ትዕግሥት ነው። የደከመን ሐኪም በሌላው ክፍል ራጅና የላቦራቶሪ ውጤት ይደግፉታል፤ በሳይካትሪ ግን ሐኪሙ ሲዝል ምርመራውም አብሮ ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ የሥራ መዛልን ከበሽታ አልቆጠረውም፤ በወጉ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመነጭ መሆኑን ገልጾ፣ የጉልበት መሟጠጥን፣ ከሥራው ልብ መሸሽንና የውጤታማነት መቀነስን መለያዎቹ አድርጓል። አሠልጣኞች አጥብቀን ልንከታተለው የሚገባን ሁለተኛውን ነው። ድካም ፊት ላይ ይነበባል፤ የልብ መሸሽ ግን ቅልጥፍና መስሎ ያልፋል። ሬዚደንቱ ተመላላሽ ታካሚዎቹን ቶሎ ቶሎ ይሸኛል፣ መድኃኒቱን ሳይጠይቅ ይደግማል፣ ተመልሶ ዋርድ የገባውን ሰው «ያው የለመደበት ነው» ይላል፤ ሲኒየሩም ሥራው ስላልተጓተተ ያመሰግነዋል።

ችግሩ ከሥራው አደረጃጀት ከመጣ መፍትሔውም እዚያው ይፈለግ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ የተሞከሩት መንገዶች ፋይዳ በጥቅሉ መጠነኛ ቢሆንም ተቋሙን የሚለውጡት በግለሰቡ ላይ ካተኮሩት እንደሚሻሉ አሳይቷል። ሰዓት መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ብትገድብም መዛሉ አልጠፋም። እኔ የማስቀድመው በብሪታንያ የሳይካትሪ ሥልጠና ግዴታ የሆነውን፣ ሠልጣኙ ከአሠልጣኙ ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት የሚቀመጥበትን ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ከመድኃኒት መጠን ባሻገር ታካሚው በሐኪሙ ላይ ያሳደረው ፍርሃት፣ ንዴትና ተስፋ መቁረጥም መነገር አለበት። ማይክል ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ሐኪሞችን ሰብስቦ የሚያወያየው ስለዚሁ ነበር።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ዛሬም ሳይካትሪስቱ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ተራ እየጠበቀ ለውይይት ሰዓት መስጠት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን የሚያስገድደን እጥረቱ ራሱ ነው፤ አንድ ሬዚደንት ሙያውን ጥሎ ሲሄድ የሚጎድለው የብዙ ዓመት አገልግሎት ነው። «እኛም እንዲሁ አልፈናል» የሚለውም ያለፉትን ይቆጥራል እንጂ የቀሩትን አይጠይቅም።

ታካሚ ራሱን ሲያጠፋ ሲኒየሩ በዚያው ቀን ሬዚደንቱን ያግኘው፤ ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ሲነጋገርም አብሮት ይሁን፤ ስለ ሞቱ የሚደረገው ማጣራት ለብቻው ይሂድ። ሕክምና ያስፈለገው ሬዚደንትም ውጤት በሚሰጠው መምህር መታከም የለበትም፤ ባለሙያው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ይህ የሚሳካው ትምህርት ክፍሎች ከሌላ ተቋም ጋር አስቀድመው ሲስማሙ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ የቀጣዩን ወር የዱቲ ፕሮግራም ስታወጡ የእያንዳንዱን ሬዚደንት ሳምንታዊ ሰዓት አስቀድማችሁ ጻፉበት።