ካቢኔውና ግድግዳው የሚገናኙበት

ባቲ ውስጥ ቤቱንም ገንብቶ በሩንና ካቢኔውንም ራሱ የሚገጥም ባለሙያ ሥራውን ሲያስረክብ፣ ባለቤቱ የሚያየው ቀለሙንና የፎርማይካውን ብልጭታ ነው። እኔ የማየው ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙበትን ነው፤ መቃኑ ግድግዳውን፣ ካቢኔው ልስኑን የሚነካበትን። ግንበኛና አናጺ ለየብቻ ሲቀጠሩ አንዱ «ግድግዳው ጠማማ ነው»፣ ሌላው «በሩ ነው ልክ ያልመጣው» ይላል። ሁለቱንም የያዘ ሰው በማን ያመካኛል?

ካቢኔው ከግድግዳው የሚገጥምበትን መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይንዎ ይከተሉ። ፍጹም ቀጥ ያለ ግድግዳ ብርቅ ነው። ጎበዝ አናጺ ጣውላውን በግድግዳው ጉብጠት ልክ መላልሶ እየላገ ያስጠጋዋል፤ ሰነፉ ክፍተቱን በስቱኮ ወይም በሲሊኮን ሞልቶ ቀለም ይቀባበታል። መጥፎውን ሥራ ቀለም ለጥቂት ወር ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ስንጥቁ ራሱ ይናገራል።

አሁን መሳቢያውን ጎትተው ያውጡና ይገልብጡት። የታችኛው ገበታ በቦይ ገብቶ ነው የተያዘው ወይስ ከሥር በሚስማር ብቻ ተመቷል? በሚስማር ብቻ ከሆነ ሰሐን ሲሞላበት ወገቡ ይሰበራል። ካቢኔው ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ጎንበስ ብለው ቧንቧው የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጣትዎ ይዳስሱ። የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን ከተተወ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ማንም አያየውም ብሎ ይህን የተወ ሰው ሌላም ብዙ ነገር ትቷል።

ባቲ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ሙቅ ከተማ ናት። ከደጋ እርጥቡን መጥቶ ወዲያው በር የሆነ ጣውላ እዚህ ፀሐይ ላይ በወርዱ ይኮማተራል። ስለዚህ የበሩ መካከለኛ ገበታ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ኮላ ሳይነካው ልቅ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ከተጣበቀ ይሰነጠቃል። ባለሙያው እንጨቱን የት፣ ስንት ጊዜ እንዳደረቀ ይጠይቁት። ሲመልስ ከተንተባተበ፣ እንጨቱ ዋንዛ መሆኑ ብቻውን በሩን አያድነውም። ለቤቱ ቋሚም ቢሆን ባሕር ዛፍ መሬት ውስጥ ከገባ የምስጥ ቀለብ ነው፤ ጥድ ይሻላል።

የቤቱን አካል መመርመር የሚቻለው ሳይለሰን ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፣ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል፤ ሁለቱም የስምጥ ሸለቆ ዳር ናቸው፣ ባቲም እንደዚያው። ስለዚህ ከበርና መስኮት በላይ ቤቱን የሚዞረው የኮንክሪት ቀበቶ ማዕዘን ላይ ሳይቋረጥ መታጠፍ አለበት፤ ፌሮው ማዕዘኑ ላይ ተቆርጦ ካዩ ሥራውን ያስቁሙ። በዚህ ሙቀት ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል። የውሃው ጀሪካን ደርቆ፣ ኮንክሪቱም ነጥቶ ካገኙት ፎርማኑ ምንም ቢል አይመኑት።

ንግዱን ደግሞ በወርክሾፑ ይለኩት። በየጥጉ ግማሽ የቀረ ብፌና ቁም ሳጥን ከተደረደረ፣ ያዲሱ ደንበኛ ቀብድ የድሮውን ሥራ እየጨረሰ ነው ማለት ነው፤ የእርስዎም ተራ ሲደርስ «ዛሬ ነገ» ይጀመራል። ሥራውን በሥርዓት የሚመራ ሰው የእያንዳንዱን ቤት ሒሳብ ለየብቻ ይይዛል፣ የእቃውንና የእጅ ዋጋውን በውሉ ላይ ለይቶ ይጽፋል፤ ሲሚንቶና ብረት ዋጋቸው ስለሚዋዥቅ ጭማሪው በማን ላይ እንደሚያርፍም አስቀድሞ ይነጋገራል። ልኬቱን ከግድግዳው ሳይሆን ከፕላን ወስዶ ካቢኔ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ ልስኑ ሳያልቅ የሚቸኩል ነው።

ከክፍያው ጥቂቱ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይቆይ ይበሉት። ሐምሌና ነሐሴ በሩ እርጥበት ጠጥቶ ቢጣበቅ መጥቶ ይላገው። በሥራው የሚተማመን ሰው በመጠኑ ላይ ይከራከራል እንጂ በሐሳቡ ላይ አይደለም።