ግምጃና አቡጀዲ በጣና ላይ

በዘጌ፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ዙሪያ ያሉት ሥዕሎች በግድግዳው ላይ አልተሣሉም። የተሣሉት በጨርቅ ላይ ነው፤ በጭቃው ላይ የተለጠፈው ጨርቁ ነው። ከሩቅ ይህ አይታወቅም። ጠጋ ብሎ፣ ከጎን በሚገባ ብርሃን ላየው ግን ድርና ማጉ ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። አንዱ ስፋት አልቆ ሌላው የሚጀምርበት መጋጠሚያም ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንዳንዱ ቦታ ላይ መጋጠሚያው በቀሚስ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ የት ጋ እንዳለ ካላወቁ አያገኙትም። እንዲህ ያለው ነገር በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለኝም።

ይህን ያሳየችኝ እናቴ ናት። መርካቶ ጣቃ ስትፈታና ስታጥፍ የኖረች ነጋዴ ናት፤ ጨርቅ ሲቀርብላት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ጠርዙን በሁለት ጣቶቿ መሃል አሸት ታደርገዋለች። መቅደሱ ጋ መንካት እንደማይቻል ታውቃለችና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አንገቷን አስግጋ ቆመች።

«አባ፣ ይሄ አቡጀዲ ነው እንዴ?»

«ጨርቅ ነው እናቴ። ጭቃ ብቻውን ቀለም አይችልም።»

የካህኑ መልስ የጥበቡን ግማሽ ይዟል። በጭድ የተቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ እርጥበት ይስባል፣ ይተፋል። ጨርቁ ስንጥቁን ይሸከማል። በጨርቁ ላይ ከሙጫ ጋር የተለወሰ ነጭ መደብ ይቀባል፤ ከዚያ ንድፉ በጥቁር መስመር ይወጣል፣ ቀለሙ ይሞላል፣ በመጨረሻም መስመሩ በድጋሚ ይሰመራል። የቀጭን ብሩሽ ጉዞ ደህና የሚታየው በዚህ በመጨረሻው መስመር ነው። የመልአክ ቅንድብ አንድ ጊዜ ብቻ ተስቦ የተተወ ነው፤ ከመነሻው ይወፍርና መጨረሻው ላይ እንደ ፀጉር ይቀጥናል።

ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ጣና ሐይቅ የገባ የየብስ ምላስ ነው፤ ቢሆንም ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ለሚደርስ ሰው ደሴት መምሰሉ አይቀርም። ከጀልባ መውረጃው ወደ ዑራ የሚወስደው መንገድ በቡና ደን ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ አቀበት ነው። በትውፊት ገዳማቱን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በዚህ ምድር እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ አዝዘዋል ይባላል። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው ብለው የአገሩ ሰዎች ያምናሉ። ከሌላው የዘጌ ቤተ ክርስቲያን ከአዝዋ ማርያም ወደ ዑራ በእግር መሄድ ራሱ ለብቻው የሚያስመጣ ነገር ነው። በግራና በቀኝ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቆሞ፣ አልፎ አልፎ በቅጠሎቹ መሃል ሐይቁ ብልጭ ይላል።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሃል ላይ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳና በበሮቹ ላይ ስለሆነ ተመልካቹ ካልዞረ አያየውም፤ እየዞረ ታሪክ ያነባል። በበሮቹ ሳንቃ ላይ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ቆመዋል። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ማንበብ የማይችል ምእመንም በዚህ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ከሥዕሉ ጎን የተጻፈው የግእዝ መግለጫ ብዙውን ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ እንዴት እንደሆነ ይነግራል።

ከሁሉም እኔን ያቆመኝ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ሰው በላ የሚባለው ይህ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኃ ጥርኝ ውሃ አጠጣ። ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ የእመቤታችን ጥላ በውሃው ላይ አረፈና ውሃው ሚዛን ደፋ። ኪዳነ ምሕረት በምትከበርበት ቤት ይህ ታሪክ ዋናው ነገር ነው። ሠዓሊው ሚዛኑን ገበያ ውስጥ እንደሚያየው አድርጎ፣ ገመዶቹን እንኳ አንድ በአንድ ሠርቶታል። ሚዛን የሚያውቅ ሰው ያምነዋል።

ከዑራ ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ ለመሄድ ሐይቁን መሻገር ያስፈልጋል። በመንገዳችን ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አለፈን። የጣና ታንኳ ከደንገል የተሠራ ነው። በሥራው የታወቁት ወይጦዎች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ ነዶ በነዶ አሥረው ያዘጋጁታል። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሥራ በኋላ በዳርቻው ይቆምና ፀሐይ ይሞቃል። ዕድሜው ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። ግን እሥሩን ላየው! ሚስማር የለ፣ ሚስማሩን የሚተካው የጣት ጉልበት ነው።

ናርጋ በትልቁ የደቅ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ያለ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የድንጋይ ሥራ ነው። እቴጌዪቱ እ.ኤ.አ. በ1730 ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ እርሳቸውም ዘውድ የጫኑ ሴት ናቸው። በሥዕሉ ላይ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። እናቴ እዚህ ዝም ብላ ረዥም ጊዜ ቆየች። ዳጋና ክብራን የሚባሉት የሐይቁ ደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም፤ ናርጋ ግን ሴት ያሠራችው ነው፣ ሴትም ትገባበታለች።

እዚህ ያለው የአሣሣል ስልት ሁለተኛው የጎንደር ስልት የሚባለው ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሠዓሊያን ልብስን በደማቅ ነጠላ ቀለምና በጠንካራ መስመር ይሠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጀመሪያ በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ተጽዕኖ አድርገውባቸዋል። የምንትዋብ ዘመን ሠዓሊዎች ግን ሌላ ነገር ወደዱ፦ ግምጃ ወደዱ። በዚያን ጊዜ የህንድ ጨርቅ በምጽዋ በኩል ወደ ጎንደር ይገባ ነበር። ሠዓሊዎቹ በዓይናቸው ያዩትን አበባ፣ በዓይናቸው ያዩትን ሐር በእመቤታችን ልብስ ላይ አኖሩት። እጥፋቱን በጥላ ያሳዩታል፤ አበባውን ግን ብዙ ጊዜ ጨርቁ ተዘርግቶ እንዳለ አድርገው፣ ሳይሰብሩ ይደረድሩታል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ አልስማማም። ጣቃ ሲዘረጋ ያየ ሰው የአበባው ረድፍ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሠዓሊውም ይህን ሊያሳየን ፈልጎ ነው።

«ይሄን ሰው ሱቄ ባስቀምጠው ደስ ይለኝ ነበር» አለች እናቴ፤ «ጨርቅ ያውቃል።»

በሁለቱም ቦታ ሥዕሉ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ካህኑ በዘንግ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። መጋረጃው ከፀሐይና ከአቧራ ይጠብቀዋል። የጎብኚ ፍላሽ በቀለሙ ላይ እንዲበራም አይፈቅዱም፤ ትክክል ነው፣ እንዲያውም የበለጠ መጠንከር አለባቸው። ጣሪያ ሲያፈስ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ሙጫው ነው፤ ጨርቁ ከጭቃው ይለቅና እንደ እርጥብ ቆዳ ይነፋል።

እናቴ ሥዕሉን ትታ መጋረጃውን መመርመር ጀመረች። «ይሄማ የእኛው ነው» አለች። ከመርካቶ የሄደ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነበር፤ ጠርዙ ደረቅ፣ ስፌቱም ወደ ሥዕሉ የዞረ። በተሳበ ቁጥር ቀለሙን እንደሚፍቅ ለካህኑ በዝግታ ነገረቻቸው። ከውስጥ የጥጥ ገበር ይደረግበት፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ይዙር፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይሰቀል አለች። እርሳቸውም ስፋቱን ሲጠይቋት መጋረጃውን ወጥረው እንዲይዙላት ነግራ በክንዷ ለካችው፤ ቁጥሩንም በስልኳ ላይ ጻፈች።