የአባት ዝና ለልጅ ስንቅ ይሆናል?

ዝነኛ አባት ያለው ልጅ ስሙ በር ያስከፍትለታል፤ ዳሩ ግን ከገባ በኋላ የሚመዘነው በአባቱ ሚዛን ነው፡፡ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ለገበያ ያቀረበው “ስዊች 2” የተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያም ዕጣው ይኸው ሆኗል፡፡ በ2017 የወጣው አባቱ “ስዊች” ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፡፡ ልጁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ፣ “አባቱን ይበልጣል” ብለው የፈረዱለት ብዙዎች ናቸው፡፡

እኔ ግን ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል፡፡ በመጀመሪያው ቀን ተሰልፎ የሚገዛ ሰው ድሮውንም የቤቱ ደንበኛ ነው፡፡ የአራት ቀን ገበያ የሚመሰክረው አባቱ ስላፈራው ወዳጅ ነው፤ ስለ ልጁ ዕድሜ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፡፡

ከዚህ በፊት በዚያው ቤት የደረሰውን እናስታውስ፡፡ በኖቬምበር 2006 ኒንቴንዶ “ዊ” የተባለውን መሣሪያ አወጣ፡፡ በጉልበት ከተፎካካሪዎቹ ያነሰ ነበር፡፡ ሆኖም በዚያው ወር ፕሌይስቴሽን 3 በአሜሪካ በ500 እና በ600 ዶላር ሲቀርብ፣ ዊ የተሸጠው በ250 ዶላር ነበር፡፡ ሰው ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ ቴኒስ የሚጫወትበት መሣሪያ በመሆኑም የቪዲዮ ጨዋታ ነክተው የማያውቁ አያቶችን ሳይቀር ማረከ፡፡ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፡፡ በ2012 የመጣው ተተኪው “ዊ ዩ” ግን 13.5 ሚሊዮን ገደማ ተሸጦ ቀረ፡፡

ለምን? አንዳንዶች ስሙን ይወቅሳሉ፤ ገዥው አዲስ መሣሪያ መሆኑን ስቶ የአሮጌው ተቀጥላ መስሎት ነበር ይላሉ፡፡ እውነትነት አለው፡፡ ነገር ግን ዊ ዩ የአባቱን ጨዋታዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያጫውት ነበርና ውርሱ አልጎደለበትም፡፡ እንደኔ አስተያየት ችግሩ ከሕዝቡ ይጀምራል፡፡ በዊ ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው የመጣው አዲስ ነገር ሊያይ ነበር፤ አይቶ ሲጠግብ ሄደ፡፡ በመካከሉም የእጅ ስልክ ጨዋታውን ኪሱ ድረስ አመጣለት፡፡

የስዊች ደንበኛ ከዚህ ይለያል፡፡ ስምንት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ሲገዛ ኖሯል፤ አዲሱ መሣሪያም አብዛኞቹን ያጫውትለታል፡፡ ስለዚህ ስዊች 2 እንደ ዊ ዩ ይወድቃል ብዬ አልሰጋም፡፡ አባቱን ይስተካከላል ወይ ከተባልኩ ግን እጠራጠራለሁ፡፡

የመጀመሪያው ስዊች አንድ ትልቅ ሐሳብ ነበረው፤ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን የጀመሩትን ጨዋታ በመንገድ ላይ በእጅ ይዞ መቀጠል፡፡ ሁለተኛው ይህንኑ ሐሳብ አሳምሮታል፡፡ መስታወቱ ከ6.2 ወደ 7.9 ኢንች ሰፍቷል፤ ፍጥነቱም ጨምሯል፡፡ ያማረ ነገር ግን ሁልጊዜ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ዋጋውስ? አባቱ ሲወጣ 300 ዶላር ነበር፤ ልጁ 450 ሆኖ መጣ፡፡ አብሮት የወጣው “ማሪዮ ካርት ወርልድ” ብቻውን 80 ዶላር ነው፡፡

ሌላም አለ፡፡ አባት በሕይወት ሳለ አልጋ መውረስ አስቸጋሪ ነው፡፡ ከ160 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 2፣ ተተኪው በ2006 ከመጣ በኋላም እስከ 2013 መባቻ ድረስ ይመረት ነበር፡፡ ተተኪው የአባቱን ቁጥር ሳይደርስበት ቀርቷል፡፡

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቁጥሩ ነገር አይደለም፡፡ በአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤቶች አንድ መሣሪያ በየጨዋታው እየተከፈለበት ስንቱን ወጣት እንደሚያጫውት ያየ ሰው፣ የሽያጭ ቁጥር ተጫዋቹን ሁሉ እንደማይቆጥር ያውቃል፡፡ የሚያሳስበኝ አዲስ የሚመጣው ልጅ ነው፡፡ በ1989 የወጣው የ“ጌም ቦይ” ፈጣሪ ጉንፔይ ዮኮይ፣ የተለመደና የረከሰ ቴክኖሎጂን በአዲስ ዘዴ መጠቀምን ያስተምር ነበር፡፡ ዊም የዚያ ትምህርት ልጅ ነበር፡፡ አሁን ኒንቴንዶ ከዚያ መንገድ እየራቀ፣ ያሉትን ወዳጆቹን በውድ ዋጋ ወደማስደሰት ያዘነበለ ይመስላል፡፡ ኩባንያው በዚህ ላይከስር ይችላል፡፡ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ደመወዙን ቆጥሮ የሚኖር ወላጅ ግን ከመደብሩ መስኮት ፊት ቆሞ ዋጋውን አንብቦ ያልፋል፡፡ ስዊች 2 አባቱን መምሰሉን የምቀበለው ያ ወላጅ ወደ መደብሩ ሲገባ ነው፡፡