«ሕዝቡ ይሰማል»፦ ስለ ተረሳችው ነጥብ

ስለ አማርኛ አጻጻፍ መሻሻል የሚደረገው ክርክር ዘመናትን ያስቈጠረ ቢሆንም፣ ዘወትር የሚሽከረከረው ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቈዩ በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው። የይቈዩ ባዮቹ ማስረጃ የታወቀ ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌባ ግብር ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። እኛም የቃላትን ዘር የሚጠብቀውን ይህን ልማድ እናከብራለን። ነገር ግን ፀሐይ በ«ፀ»ም ተጻፈች በ«ጸ» ጨረቃ ናት ብሎ የሚሳሳት የአማርኛ አንባቢ የለም።

በእኛ አስተያየት አንባቢን በእርግጥ የሚያሰናክለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ፊደላችን የማያሳየው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ባለሙያ፣ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «የዋና አሠልጣኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ውኃ ዋና ይሁን ስለ አለቅነት ከጽሑፉ ብቻ አይታወቅም።

ከስሞች ይልቅ የባሰው በግሥ ላይ ያለው ነው። «በሬው ይበላል» ላልቶ ሲነበብ በሬው ሣር ይግጣል፤ ጠብቆ ሲነበብ በሬው ታርዶ ለገበታ ይቀርባል። አድራጊና ተደራጊ፣ በይና ተበይ፣ በአንድ ዐይነት ፊደል ተጽፈዋል።

ይህን ችግር አስቀድመው ካስተዋሉት መካከል ሐዲስ ዓለማየሁ አንዱ ናቸው። የአጻጻፍ መሻሻል ደጋፊ የነበሩት ደራሲ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኑረዋል። ልቦለዱ ከትውልድ ትውልድ ሲነበብ ነጥቢቱ ግን ተከታይ አላገኘችም። እኛ ምሁራን ነን ባዮችም ስለሚቀነሰው ፊደል ስንሟገት ስለሚጨመረው ምልክት ዝም ማለታችን የሚያስወቅሰን ነው።

በደራሲው መፍትሔ ላይ አንድ ነቀፌታ አለን። ማንም የማይስተውን ቃል ሁሉ ነጥብ ማልበስ ዐይንን ያደክማል፤ ልማዱ እንዳይስፋፋ ያደረገውም በከፊል ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሌላም ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ቅኔያችን ኅብረ ቃሉን የሚፈትለው ከዚሁ ካልተለየ ፊደል ነውና፣ ነጥቡ ሰሙን ከወርቁ ነጥሎ ያሰጣዋል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ባለቅኔው ሆን ብሎ የሸሸገውን ማንም አይግለጥበት። ነገር ግን ሕግ፣ ማስታወቂያና የልጆች መማሪያ ቅኔ አይደሉም።

ስለዚህ ምልክቱ በመዝገበ ቃላትና በመማሪያ መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ፣ በሌላው ጽሑፍ ግን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ትርጕሙን በማይለይበት ቦታ ብቻ እንዲገባ እንጠይቃለን። የማተሚያ ችግር ዛሬ ምክንያት አይሆንም፤ ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 4.1 እትሙ የማጥበቂያ ምልክትን ከፊደላችን ጋር መዝግቧል።

በአገር ቤት ያደገ ሰው የጐደለውን ምልክት ከጆሮው ይሞላል። በስደት ምድር የተወለደው ልጅ ግን ቋንቋውን በአብዛኛው ከወረቀት ይለቅማል፤ ከወረቀቱ ላይ ያጣውን ከጎረቤት አይሰማውም። ይህ ልጅ አንድ ቀን «ሕዝቡ ይሰማል» የሚል ጽሑፍ ያነብባል። ላልቶ ቢያነበው ሕዝቡ የሚነገረውን አድማጭ ነው፤ ጠብቆ ቢያነበው ድምፁ የሚደመጥ ባለ መብት ነው። ከአገር ያሰደደን ክርክር በእነዚህ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለ ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱን የምታሳየውን ነጥብ እንደ ትንሽ ነገር ልንቈጥራት አይገባም።