ቤዙን ማን ዋጠው?

በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ፣ ከሙዚቃ ቤት እስከ ሳሎን፣ እንደ ጸደቀ ፍርድ የሚደጋገም አንድ አስተያየት አለ፦ «የድሮ ቀረጻ ቤዝ የለውም»። እኔ ይግባኝ እላለሁ። ቀረጻው ከመከሰሱ በፊት የተሰማበት መሣሪያ ይመርመር!

በቅርቡ ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል ብዙም ሳይርቅ ከአንድ ወዳጄ ቤት የሙላቱ አስታጥቄን «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ሰማን። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን የያዘው ግን ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩትን ነው። ሳክስፎኑ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ቤዙ ግን ጎረቤት ያለ ይመስል ነበር። ወዳጄ «ያኔ መቅጃው ደካማ ስለነበረ ነው» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሪ-አምፕሊፋየሩ ባለ ቫልቭ ሲሆን መውጫው ላይ 0.22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለበት። የተቀጠለለት ፓወር አምፕሊፋየር ደግሞ መግቢያው 10 ሺህ ኦም ብቻ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ድምፁ ከ72 ኸርትዝ ግድም ጀምሮ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርትዝ ነውና፣ ፓወሩ ዘንድ የሚደርሰው ቮልቴጅ ግማሽ ያህሉ ነው። መግቢያው 100 ሺህ ኦም ቢሆን ኖሮ መሳሳቱ 7 ኸርትዝ ላይ በጀመረና ጆሯችን ባላወቀው ነበር። የፓወሩ መግቢያ ከፕሪው መውጫ ኢምፒዳንስ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ያም ሆኖ ካፓሲተሯን የረሳ ስሌት ጎዶሎ ነው።

ስለ ገመድ የሚወራው ግን ከልክ አልፏል። ተራ ባለ ሽፋን ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ይይዛል። የፕሪው መውጫ 200 ኦም ከሆነ 10 ሜትር ቢጎትቱት አንዳች አይጎድልም፤ ውድ ገመድ የሚገዛውም ሰው የገዛው ውበቱን ነው። መውጫው 10 ሺህ ኦም ሲሆን ግን ያው 10 ሜትር ከ16 ሺህ ኸርትዝ ግድም ጀምሮ የላይኛውን ድምፅ ይሸልታል፤ የሲምባሉ ብልጭታ ይደበዝዛል። መድኃኒቱም ገመዱን ማሳጠር እንጂ ማስወደድ አይደለም።

የያኔው ቀረጻ ሁሉ እንከን የለሽ ነው አልልም። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረው ቅጂማ የራሱ በደል አለበት። የወዳጄ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ 0.22ቷ ወደ 2.2 ማይክሮፋራድ ብትለወጥ በዚያው ፓወር ላይ መሳሳቱ ወደ 7 ኸርትዝ ይወርዳል። ቫልቭ ውስጥ የሚገድል ቮልቴጅ ስላለ ሥራው ለባለሙያ ይሰጥ። ክሱን ከዚያ በኋላ እንስማው።