ለመድረክ ያልተጻፈው ተውኔት

ክረምቱን ደብረ ብርሃን ላይ የሚያሳልፍ ሰው ጋቢውን ደርቦ ከማንበብ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። እኔም ዘንድሮ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን፣ ለጥቄም የከበደ ሚካኤልን «አኒባል»። ሁለቱም ደራስያን የሰሜን ሸዋ ልጆች ናቸው፤ አንዱ የተጉለት፣ ሌላው የገርም ገብርኤል። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ተክለ ሐዋርያት ከጻፉት ሁሉ ለመድረክ የሚመቸው ለመድረክ ብለው ያልጻፉት መሆኑን አመንኩ።

«ፋቡላ» የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት መሆኑን ተማሪ ሁሉ ይሸመድዳል፤ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ደራሲው የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴን ተረቶች ፈለግ ይዘው አውሬዎችን አናገሩ፤ ዒላማቸው ግን የዘመኑ አስተዳደር ነበር። ቤተ መንግሥቱም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት። ክልከላው ለተውኔቱ ዝና ሲጠቅም ለሂሱ ጎድቶታል፤ የታገደን ሥራ ደካማ ነው ማለት የሚደፍር ጠፋ። ልድፈር፦ አውሬዎቹ እርስ በርሳቸው ከሚነጋገሩት ለተመልካቹ የሚሰብኩት ይበልጣል። ተረቱ ሲያልቅ ትምህርቱ ይታወሰናል፤ ገጸ ባሕርያቱን ግን አናስታውስም።

የሕይወት ታሪኩ ሌላ ዓለም ነው። በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲታተም ባለታሪኩ ካረፉ ወደ 30 ዓመት ይጠጋ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ራስ መኮንንን ተከትለው የዘመቱት ገና የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ ነው። ስለ ዐድዋ የተጻፈው አብዛኛው ትረካ ጦርነቱን ከአዛዦች ድንኳን ሆኖ ያያል፤ እዚህ ግን የምናየው በልጅ ዓይን ነው፤ ድንጋጤውና ጉጉቱ ከድሉ ይቀድማሉ። ከዚያ ሩሲያ ይመጣል። ልጁ እዚያው ያድጋል፣ በመድፈኛ መኮንንነት ይሠለጥናል፣ ሲመለስም የገዛ አገሩን እንደ አዲስ መልመድ ይጠበቅበታል። «ፋቡላ» ውስጥ ያጣሁትን ግጭት ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው፤ ሰውዬው ከሹማምንቱ ይልቅ ከራሳቸው ጋር ሲጣሉ። ኩሩ ናቸው፣ ቁጡ ናቸው፣ ሌላውን ለመውቀስም ይቸኩላሉ። አንባቢ ሁሉንም አያምናቸውም፤ ይህ ለእኔ የመጽሐፉ ጉልበት እንጂ ጉድለቱ አይደለም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተሟገቱት እኚሁ ሰው መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ ቁጣቸው ታሪካዊ ክብደት ያገኛል።

«አኒባል» ላይ ብዙ አልቆይም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሮማን ያንቀጠቀጠ አፍሪካዊ የጦር መሪን መምረጥ ራሱ ንግግር ነበር፤ የዘመኑ ተመልካች ማብራሪያ አላስፈለገውም። ስንኙ ጆሮ ይሞላል። ችግሩ ወዳጁም ጠላቱም፣ ጌታውም ወታደሩም በከበደ ሚካኤል አንደበት መናገራቸው ነው። ጮክ ብሎ ለማንበብ ግን ከዚህ የሚሻል ጥቂት ነው።

አንኮበርም በዚህ ወሬ ድርሻ አላት። እንግሊዛዊው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ከመልእክተኞቹ ጋር ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ድረስ መጥቶ፣ በ1844 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዞው 3 ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። ቋንቋው ያሸበረቀ ነው፤ የሸዋ ሰው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከግርማው ትዕይንት ጌጥ ብዙም አይዘልም። የዚያው ደጋ ተወላጅ የሆኑት ተክለ ሐዋርያት ሲጽፉ ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይኮርፋሉ።

ስለዚህ ለደብረ ብርሃን የቴአትር ክበባትና ለዩኒቨርሲቲው የአማርኛ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ፋቡላ»ን በየመታሰቢያው ከመጥቀስ፣ የዐድዋውንና ከሩሲያ የመመለሱን ምዕራፎች ለመድረክ አዘጋጁልን።