ድርና ማጉን ይመልከቱ

የማደሊን ቪዮኔ ቀሚስ መስቀያ ላይ ሲንጠለጠል ምንም አይመስልም፤ ተልፈስፍሶ የወረደ ሐር ነው። ገላ ላይ ሲውል ነው ነፍስ የሚዘራው። የዚህችን ፈረንሳዊት የፋሽን ባለሙያ እጅ መመዘን የሚሻ ሰው ከጌጡ በፊት ክሩን ይይ።

አንደኛ፣ የድርና የማጉን አቅጣጫ ይመልከቱ። ልብስ ሰፊ በተለምዶ ድሩን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ያወርዳል። ቪዮኔ ግን ጨርቁን 45 ዲግሪ አዘንብላ በሰያፍ ቆረጠችው። በሰያፍ የዋለ ሐር ይሳባል፣ ይመለሳል፣ ያለ ወገብ አጥባቂ ኮርሴት ገላን ይከተላል። ከእርሷ በፊት ሰያፍ ቁርጥ በአብዛኛው ለአንገትጌና ለጠርዝ ነበር፤ እርሷ ሙሉ ቀሚስ አደረገችው። ለዚህም ከተለመደው የሰፋ ጨርቅ አስሸመነች።

ሁለተኛ፣ ስፌቱ ለምን እዚያ ቦታ እንደዋለ ይጠይቁ። ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሠራቻቸው ቀሚሶች አንዱ አራት ካሬ ጨርቅ ብቻ ነው። ካሬዎቹ በማዕዘናቸው ስለተንጠለጠሉ ሰያፉ በራሱ ይመጣል። ይህን ቀላልነት ወረቀት ላይ አልነደፈችውም፤ በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እየጠመጠመች፣ በስፒል እያያዘች ነው የደረሰችበት።

ሦስተኛ፣ ከታች ጠርዙን ይዩ። ሰያፍ ጨርቅ በራሱ ክብደት እየተሳበ ይረዝማል። የችኩል እጅ ቀሚስ ውሎ ሲያድር እግሩ ወጣ ገባ ይላል፤ ጨርቁ ተንጠልጥሎ እስኪረጋ የታገሠ ባለሙያ ግን ጠርዙን አስተካክሎ ይዘጋል።

አራተኛ፣ ጥልፍ ካለው በእጅዎ ይሞክሩት። ጨርቁን የሚያደርቅ ጥልፍ ቢያምርም ሥራውን ገድሎታል።

ጨርቁ እስኪረጋ የሚጠብቀው ትዕግሥት የዕድሜ ልክ ነው። በ1876 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተወለደችው ቪዮኔ መርፌ የያዘችው በልጅነቷ ነው። በፓሪስ በካሎ እህትማማቾች የፋሽን ቤት በሙያው በሰለች፤ የራሷን ቤት የከፈተችው በ1912፣ ዕድሜዋ ከ35 ካለፈ በኋላ ነው። ጦርነት አስዘጋት፣ እንደገና ከፈተች፣ በ1923 ወደ ሞንቴኝ ጎዳና ተዛወረች፣ በ1939 ለመጨረሻ ጊዜ ዘጋች። ልብሷን የሚያስመስሉባትን ለመከላከል መለያው ላይ የአውራ ጣቷን አሻራ ታትም ነበር።

የመጨረሻው መለኪያ እርምጃ ነው። ለባሿ ስትራመድ ጨርቁ ቀድሟት ካልሮጠ፣ ኋላም ካልጎተታት፣ አሻራውን መፈለግ አያሻም።